ጉበት ሲቆረጥ ሒሳቡ የሚሠራው በቀሪው ነው

አጎቴ ጉበቱ ላይ ዕጢ ተገኘበት። ዶክተሩ «የቀኙን ክፍል ቆርጠን እናወጣለን» ሲሉት ቤቱ በሙሉ ደነገጠ። እማዬ «ሰው ያለ ጉበት ይኖራል እንዴ?» ብላ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ስለ ጉበት የማውቀው ዱለት ውስጥ እንደሚገባ ብቻ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ ለኢኮኖሚክስ ተማሪ የሚገባ ሆኖ አገኘሁት። ሐኪሞች አስቀድመው የሚያሰሉት የሚቀረውን ነው። ጉበቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህሉ ከቀረለት ይበቃዋል። ሲሮሲስ የሚባለው ጠባሳ ካለበት ግን 40 በመቶ ገደማ መቅረት አለበት። የተቆረጠው መልሶ አይበቅልም፤ የቀረው ነው በሳምንታት ውስጥ የሚፋፋው።

የሚቀረው ካልበቃስ? ወደ ታመመው ክፍል የሚገባውን የደም ሥር ቀድመው ይዘጉታል። ደሙ ወደ ጤነኛው ወገን ዞሮ ያፋፋዋል፤ ቀዶ ሕክምናው ከዚያ በኋላ ይሠራል።

ትልቁ ስጋት የደም መፍሰስ ነው። ግላስጎው ይሠራ የነበረው ፕሪንግል እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ ጉበት የሚገባውን ደም ለጊዜው ቆንጥጦ መያዝ እንደሚቻል አሳየ። ዛሬም ብዙ ጊዜ 15 ደቂቃ ይይዙና 5 ደቂቃ ይለቁታል። ፈረንሳዊው ኩዊኖ በ1950ዎቹ ጉበትን የየራሳቸው የደም መግቢያ ባላቸው 8 ክፍሎች ከፈለው። ሐኪሙ ይህን ካርታ ይዞ የታመመውን ክፍል ብቻ ለይቶ ማውጣት ይችላል። ታይዋናዊው ሊን ደግሞ በ1958 ጉበቱን በጣት እየፈረፈረ፣ የደም ሥሮቹን እያሰረ መቁረጥን አስተዋወቀ። አሁን ያንን በአልትራሳውንድ የሚሠራ መሣሪያ ይሠራዋል፤ ለስላሳውን ሥጋ እየፈረፈረ ይመጣል፣ ሥሮቹን ይተዋል።

የአጎቴ ቀሪ ጉበት በሲቲ ስካን ተለካ። 35 በመቶ ሆነ፤ ጠባሳም የለውም። ተሠራለት። ዛሬ ሁለት ወሩ ነው፤ ቡና ይፈላልኝ እያለ እማዬን ያስቸግራል።

ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የአጎቴ ዕጢ መነሻው ለዓመታት ሳያውቀው የኖረው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ክትባቱ በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እኔ ከዚያ በፊት ነው የተወለድኩት፤ ይህን ከምታነቡት ውስጥም ብዙዎቻችሁ። ባለፈው ሳምንት ተመረመርኩ፣ ነፃ ነኝ። ከሦስቱ መርፌዎች የመጀመሪያውን ተወግቻለሁ።

እናንተስ ተመርምራችኋል?