ልጅ ለውትድርና ሲሄድ

እርሻ ላይ ያደገ ሰው ቀኑን የሚለካው በፀሐይና በከብቶቹ ነው። ጦር ማሠልጠኛ ሲገባ ግን ቀኑን የሚለካለት ፊሽካ ነው። በፊሽካ ይነሣል፣ ተሰልፎ ይበላል፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይተኛል። ጸጉሩ ይላጫል፣ ልብሱ ይለወጣል። ታዲያ ልቡ ቢረበሽ ምን ይገርማል?

በ1975 ዓ.ም. በአገራችን የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች 6 ወር ሠልጥነው 2 ዓመት እንዲያገለግሉ ታዞ ነበር። ከወረዳቸው ወጥተው የማያውቁ ብዙ የገበሬ ልጆች ያን ጊዜ ሄደዋል።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በ1688 በፈረንጆች አቆጣጠር ዮሐንስ ሆፈር የሚባል የሕክምና ተማሪ፣ ከአገራቸው የራቁ የስዊስ ሰዎችን ናፍቆት እንደ በሽታ ቆጥሮ ጽፎ ነበር። ዛሬ ናፍቆት ብቻውን በሽታ አይባልም። ቢሆንም እንቅልፍ ይነሣል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ራስ ያማል፣ በትንሽ ነገር ያስቆጣል። ይህ ቡከንነት አይደለም። ብዙዎቹ ጓደኛ ሲያበጁና ሥራውን ሲለምዱ ይቀልላቸዋል።

እዚህ ላይ ፊደል የቆጠርን ሰዎች ልንረዳ እንችላለን። ቀድሞ ደብዳቤ የምናስጽፈው የቤታችንን ምሥጢር ለሌላ ሰው ነግረን ነበር። ዛሬ ራሳችን እንጽፋለን። ግን ምን እንጻፍ? በሬው ቢሞት፣ እናት ብትታመም እንደብቀው ወይስ እንንገረው? እኛ መንገር ይሻላል እንላለን። ከሌላ አፍ የሰማ ልጅ ከዚያ በኋላ ደብዳቤያችንን አያምንም። ነገር ግን ክፉውን ብቻ ጽፈን አንተው። «እናትህ ታማ ነበር። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። አሁን እህል ቀምሳለች» ብንለው ልቡ ያርፋል። የጥጃውን መወለድ፣ የጤፉን ማፍራትም እንጻፍለት። ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ለእሱ ትልቅ ነው።

ሁሉም ግን በደብዳቤ አይድንም። ለፈቃድ የመጣው ልጅ ከሰው ቢሸሽ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ቢሰማ፣ «ብሞት ይሻለኛል» ቢል፣ ነገሩ ናፍቆት ብቻ አይደለም። «ራስህን ለመግደል አስበሃል ወይ?» ብለን በግልጽ እንጠይቀው። መጠየቁ ያላሰበውን አያሳስበውም። ብቻውን አንተወው፤ የቤቱን ጠመንጃ እናርቅ፤ ዕለቱኑ ጤና ጣቢያ እናድርሰው። ጠበል እንወስደዋለን የሚሉ አሉ። ይውሰዱት፤ ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት ግን አያስጥሉት።