ከሸጎሌ እስከ አባ ሳሙኤል፦ የደለል ኬሚስትሪና የውሃ ዕፅዋት ጤና

በውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ዕፅዋት ሲመነምኑ ወይም ከልክ በላይ ሲስፋፉ መንስኤው ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው በውሃው ጥራት ላይ ቢሆንም፣ ሥር ሰድዶ የሚኖር ዕፅ ግማሽ አካሉ በደለል የተቀበረ ስለሆነ፣ ደለሉ ውስጥ የሚካሄደው ኬሚካላዊ ለውጥ ሳይመረመር ስለ ጤናው የሚሰጠው ፍርድ ሙሉ አይሆንም። ስለዚህ ለውጥ ያለው ዕውቀት በስፋት የዳበረው በባሕር ሣር ላይ በተካሄዱ ጥናቶች ነው፤ ሆኖም በአዲስ አበባ ከሸጎሌ ተዳፋት ወርዶ በአባ ሳሙኤል ግድብ ለሚጠራቀመው ውሃም ይሠራል።

የባሕር ሣር አበባና ዘር የሚያፈራ፣ በሥሩ የባሕሩን ወለል የያዘ ዕፅ ነው። ኦክሲጅን ወደ ጭቃው የሚዘልቀው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ያሉ ባክቴሪያዎች ብስባሽን ለማፍረስ በኦክሲጅን ፈንታ ናይትሬትን፣ ማንጋኒዝን፣ ብረትን፣ በመጨረሻም ሰልፌትን ይጠቀማሉ። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 2.7 ግራም ያህል ሰልፌት ስለሚገኝ፣ ከዚህ ሂደት የሕዋሳትን አተነፋፈስ የሚያግድ፣ የገማ እንቁላል የሚሸት ሰልፋይድ በብዛት ይፈጠራል። ሣሩ ቀን ቀን በቅጠሉ ያመረተውን ኦክሲጅን በውስጡ ባሉ የአየር ቦዮች ወደ ሥሩ እየላከ መርዙን ይከላከላል፤ ውሃው ሞቆና ረግቶ ኦክሲጅኑ በሚያንስበት ሌሊት ግን መከላከያው ይላላል። በ1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፍሎሪዳ የባሕር ወሽመጥ ለደረሰው ሰፊ የሣር እልቂት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። የወሽመጡ ደለል ኖራማና ብረት አልባ ለመሆን የተቃረበ በመሆኑ፣ ሰልፋይድን አስሮ የሚይዝ በቂ ብረት አልነበረውም።

ብረት ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ውስጥ ሌላም ሥራ አለው፤ ኦክሲጅን እስካለ ድረስ የዕፅዋት ምግብ የሆነውን ፎስፈረስ ደለሉ ላይ አጣብቆ ያቆያል። ኦክሲጅኑ ሲያልቅ ብረቱ ይሟሟል፣ ፎስፈረሱም ወደ ውሃው ይለቀቃል። ሰልፋይድ ሲጨመርበት ብረቱን ስለሚሻማ ፎስፈረሱ ተመልሶ የሚጣበቅበት ያጣል።

ይህን ይዞ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ይገባል። በሸጎሌ የቁም እንስሳት ገበያ የሚጠራቀመው እበትና የየሰፈሩ ፍሳሽ በክረምት ዝናብ ታጥቦ በትንሹ አቃቂ ወንዝ በኩል ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ ይወርዳል፤ በወንዙ ዳር ያሉ ቆዳ ፋብሪካዎች ደግሞ ፀጉር ለመመለጥ ሰልፋይድ፣ ቆዳውን ለማልፋት የክሮሚየም ሰልፌት ይጠቀማሉ። ስለዚህ በተፈጥሮ ሰልፌቱ አነስተኛ የሆነው የደጋ ውሃ፣ በሰው እጅ የባሕርን አደጋ ይወርሳል። የሁሉም ማረፊያ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውና በደለል ሳቢያ ለረጅም ዓመታት ሥራ አቁሞ የነበረው የአባ ሳሙኤል ግድብ ነው።

በዚህ ግድብ ላይ የሚታየው እምቦጭ፣ በኢትዮጵያ በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃና በአዋሽ ወንዝ መኖሩ የተመዘገበ መጤ አረም ነው። ተንሳፋፊ በመሆኑ ምግቡን ከውሃው ይወስዳል፤ የደለሉ ሰልፋይድም እንደ ሥር ሰዳጆቹ በቀጥታ አይጎዳውም። ብርሃን ከልሎ ሌሎቹን ዕፅዋት ያዳክማል፣ ከሥሩ ያለውን ውሃ ኦክሲጅን ያሳጣል፣ በዚህም ደለሉ ተጨማሪ ፎስፈረስ እንዲለቅ ያደርጋል፤ ሲሞትም ሰምጦ ብስባሹን ያበዛል። እምቦጩን ብቻ እየነቀሉ ደለሉን መተው ዘላቂ ውጤት የማያመጣው ለዚህ ነው።

ከላይ የሚመጣው ፍሳሽ ቢቆም እንኳ ደለሉ ያከማቸውን ለዓመታት መልቀቁ አይቀርም። በስዊድን ትሩመን የተባለው ሐይቅ ፍሳሽ ከተከለከለ በኋላም ባለማገገሙ፣ በ1970 እና በ1971 እ.ኤ.አ. የላይኛው ጭቃ ተመጥጦ ወጥቶለት ውሃው ተሻሽሏል። በአባ ሳሙኤል ግን ጭቃውን ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ ክሮሚየም ከደለል ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ፣ የሚወጣው ጭቃ ተመርምሮ የሚከማችበት ቦታ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ፣ በአቃቂ ውሃ ጎመንና ሰላጣ በሚለማባቸው ማሳዎች ላይ ሊያርፍ ይችላል።