የመስከረም ቅዳሜና እሁድ

ሳምንቱን በሥራ ገበታዋ ላይ ላሳለፈች እናት ቅዳሜና እሁድ ብዙ ጊዜ የዕረፍት ሳይሆኑ ሁለተኛ የሥራ ቀናት ናቸው። አጠባው፣ ገበያው፣ ወጡ ሁሉ እርሷን ይጠብቃል። አባትና ልጆች ሥራውን ቢካፈሉት ግን በዚህ በጸደይ ወራት ለመላው ቤተሰብ የሚተርፍ ግማሽ ቀን አይታጣም።

ይህ ጊዜ ታዲያ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በመስከረም የእንጦጦ ተረተር በአደይ አበባ ያሸበርቃል። ልጆች አበባውን ከመቅጠፍ ይልቅ ምን ምን ነፍሳት እንደሚያርፉበት ቢቆጥሩ ይበጃል፤ ዘር ሳያፈራ የተቀጠፈ አበባ ለከርሞ ምትክ የለውምና።

የመስቀል ወፍንም ያስተውሉ። ብዙዎቻችን ወፏ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ከሩቅ የምትመጣ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ረጅሙን ጅራት የሚያወጣው ወንዱ ሲሆን፣ የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ጅራቱ ይረግፍና ድንቢጥ መስሎ ይከርማል። ሴቷም እንቁላሏን የምትጥለው በሌሎች ትናንሽ ወፎች ጎጆ ውስጥ ነው።

ከሽርሽር መልስ ምሳው ሽሮና ጎመን፣ መክሰሱም የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ቢሆን ይበቃል። ጎመኑ ከመከተፉ በፊት በሚገባ ይታጠብ። ሲቀርብ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘው የብረት ንጥረ ነገር ይጨምራል። ቡናና ሻይ ግን ይህንኑ ስለሚቀንሱ፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮች ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ቢጠጡ ይመረጣል።

ያን ዕለት ቡናውን አባት ቢያፈላውም ነውር የለበትም።