ለግሸን ስትወጡ ሰማዩንም ጠይቁ

መስከረም 21 ቀን ግሸን ደብረ ከርቤ ላይ የሚያነግሥ ምእመን ከክረምቱ ጋር ገና በቅጡ አልተሰነባበተም። የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያደርሰዋል። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ ክረምት የሚሉት ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 20 ያለውን ጊዜ ነው። በአንደኛው ስንሄድ በዓሉ የሚውለው ክረምቱ ሊወጣ አራት ቀን ሲቀረው ነው፤ በሁለተኛው ስንሄድ በወጣ ማግሥት። ሰማዩ ግን በቀን መቁጠሪያ አይታዘዝም። ደመራው ከተለኮሰ በኋላ ምን ዝናብ አለ ብለን ነጠላና ጋቢ ብቻ ይዘን ተራራ ስንወጣ፣ የክረምቱ የመጨረሻ ውሽንፍር ዳገት ላይ ሊቀበለን ይችላል።

በየዓመቱ በዚህ ሰሞን በብዙ ቤት አንድ ክርክር ይነሳል። እናት ወይም አያት ስለት አለባቸው፤ ልጆች ደግሞ ጉልበታቸውንና ደም ግፊታቸውን አስበው ይቅርብዎ ይላሉ። እኔ ረጅም ዘመን በነርስነት ያገለገልኩ፣ አሁን በጡረታ ያለሁ ሰው ነኝ። ለዚህ ክርክር የምሰጠው መልስ መከልከልም ዝም ብሎ መልቀቅም አይደለም። ሰማዩን የሚጠብቅ ሰው ይኑር፣ ያየውንም በጊዜ ይናገር፣ መንገደኛውም ሰምቶ ሰዓቱን ያስተካክል ነው የምለው።

ሰማይ ጠባቂዎቹ እነማን ናቸው?

በአምባሰል ሰማይ ማየት የጥቂቶች ሙያ አይደለም። ገበሬው በመስከረም ከማንም በላይ ያንጋጥጣል። በደጋው ገብሱና ባቄላው፣ ወረድ ሲል ጤፉና ማሽላው ገና ማሳ ላይ ነው። ክረምቱን ሙሉ የተደከመበትን አንድ የበረዶ ውርጅብኝ በግማሽ ሰዓት ሊያወርደው ይችላል። እረኛው ወንዝ ከመሙላቱ በፊት ከብቱን ማሻገር አለበት። ባልቴቷ ያሰጣችውን እህል ማንሳት አለባት። ለእነዚህ ሰዎች ደመና ወሬ ሳይሆን ሥራ ነው።

ከእነሱ ሌላ ብዙዎቻችን የማናውቃቸው ጠባቂዎች አሉ። በየገጠሩ የተተከሉት አነስተኛ የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ትልቅ ሕንፃ የላቸውም። አንዳንዶቹ የዝናብ መለኪያ ብቻ ያላቸው ናቸው፤ ሌሎቹ የቀኑን ከፍተኛና የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት የሚያሳይ ቴርሞሜትር ይጨምራሉ። የሚያነቧቸው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሥራ ያላቸው የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። በየጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ ዝናብ ዘነበም አልዘነበም፣ ሄደው አይተው ይመዘግባሉ። ምንም አልዘነበም ብሎ መጻፍም መረጃ ነው። በ1973 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የምንለው መሥሪያ ቤት ትንበያውን ሲሠራ፣ ከሳተላይቱና ከኮምፒውተሩ ጎን የእነዚህ ሰዎች ደብተር አለ።

ወሎ ውስጥ ሰማይ ማየት ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው አይረሳውም። ዓለም ረሃቡን ያየው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም በተላከ ፊልም ነው። ገበሬው ግን የበልጉን ዝናብ መቅረት ያየው ከዚያ ወራት ቀድሞ ነበር። ማየት ብቻውን አይበቃም። ያየ ሰው ነግሮ፣ የሰማ ሰው ካልተነሳ፣ ዓይኑ የማንንም ነፍስ አያተርፍም። ይህ ለድርቅ እንደሚሠራ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ወጀብም ይሠራል።

የትኛውን ምልክት እንመን?

አባቶቻችን ያቆዩልን ምልክቶች ሁሉ እኩል አይደሉም። የሩቁን ወቅት እንናገራለን የሚሉት ብዙ ጊዜ ይስታሉ። አየሩ ራሱ የሚያሳያቸው፣ የሚመጡትን ጥቂት ሰዓታት የሚናገሩት ግን ጥሩ ምክንያት አላቸው።

ጠዋቱ ያለወትሮው የሚያፍን፣ ነፋስ የሌለበትና ፀሐዩ የሚያቃጥል ከሆነ፣ እርጥብ አየር እየሞቀ ወደ ላይ ሊወጣ ነው ማለት ነው። ረፋዱ ላይ ነጫጭ ደመናዎች እንደ ጥጥ ክምር ወደ ላይ መቆለል ከጀመሩ፣ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ሊኖር ይችላል። የቁልሉ አናት እንደ ምጣድ ሲዘረጋና ሥሩ ሲጠቁር ወጀቡ ደርሷል። ቀጥሎ ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ፊትን ሲመታ ከደመናው ውስጥ የወረደው ብርድ ቀድሞ መጣ ማለት ስለሆነ፣ የቀረው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ያኔ ጥላ መፈለግ እንጂ አንዲት ኩርባ ልጨምር ማለት አይገባም።

ነጎድጓዱ ምን ያህል እንደራቀ ለማወቅ ሕፃን ልጅም የሚችለው ስሌት አለ። ብልጭታውን ካያችሁበት ቅጽበት ጀምሮ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ ሰከንዱን ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ የቆጠራችሁትን ለሦስት ብታካፍሉ ርቀቱን ታገኛላችሁ። 30 ከሆነ ወጀቡ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ መብረቅ ደግሞ ከዚያ ርቀት ሊደርስ ይችላል። ከ30 በታች ከሆነ መጠለያ ውስጥ መግባት ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

የኮምቦልቻው ሙቀት የግሸን አይደለም

ሬዲዮው ስለ ደቡብ ወሎ ሲናገር ስለ ሰፊ አገር ነው የሚናገረው። ቆላም ደጋም በአንድ ስም ይጠራል። ከታች ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ግሸን 3,000 ሜትር ገደማ። እንግዲህ ኮምቦልቻ ላይ ሌሊቱ 12 ዲግሪ ከሆነ፣ አምባው ላይ 5 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል ብሎ መገመት ነው። ነፋስና ዝናብ ሲጨመርበት ሰውነት የሚሰማው ከዚያም የባሰ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከድሬዳዋ የሚመጣ ቤተሰብ ይህን ሒሳብ ቤቱ ሆኖ ይሥራ።

ከትንበያው ሌላ የሚበጀው ስልክ ነው። በደሴ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌ ዘመድ የሌለው መንገደኛ ጥቂት ነው። ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ጠዋትና ማታ ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ትናንት ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ዘነበ? በረዶ ነበረበት? ወንዙ ሞልቷል? ቀደም ብሎ የወጣ ዘመድ ካለም አምባው ላይ ያለውን ይጠየቅ። ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ እንዲህ ያለ ወሬ አንድ ሰው ከደጃፉ ከሚያየው ይበልጣል።

ይህ የእኛ ፈሊጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ፎርት ኮሊንስ የምትባለውን ከተማ በሐምሌ 1989 ዓ.ም. ጎርፍ ካጥለቀለቃት በኋላ፣ በዓመቱ ተራ ነዋሪዎች በየግቢያቸው ዝናብ እየለኩ የሚያሳውቁበት ማኅበር ተመሠረተ። ዛሬ በመላው አገሪቱና ከዚያም ውጭ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሳተፉበታል። የክረምት ወጀብ ሲመጣ ጡረተኛውም ተማሪውም የበረዶውን ውፍረት በማስመሪያ ለክቶ ይልካል። በሚኒሶታ ወይም በዴንቨር ልጅ ያላችሁ፣ በረዶው ሳይጀምር ቤት አስቤዛ የሚሸመተውና ሰው ከመንገድ የሚቀረው ማስጠንቀቂያ ስለሚደመጥ መሆኑን ከልጆቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል።

ገዳዩ ብርዱ ብቻ ሳይሆን እርጥበቱ ነው

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ደረቅ ብርድ ሰውን ያንቀጠቅጣል፤ ርጥብ ልብስ ለብሶ ነፋስ ላይ መቆም ግን ሊገድል ይችላል። ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ወደ 25 እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ይወስዳል። ጋቢ ሲደርቅ እንጂ ሲርስ አያሞቅም፤ ጥጡ ውኃውን ጠጥቶ ይከብዳል፣ ሰውነት ላይም ይለጠፋል። የበግ ፀጉር ግን ርሶም ቢሆን ጥቂት ሙቀት ይይዛል። የደጋ ሰው ባናና በርኖስ የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጤናማ የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ35 በታች ሲወርድ አደጋ ነው። አረጋውያንና ሕፃናት ቀድመው ይጎዳሉ። አረጋዊ ሰው ብርዱ ዘግይቶ ሊሰማው ይችላል፣ የመንቀጥቀጥ አቅሙም ይደክማል። ሕፃን ደግሞ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። በየመሃሉ እጃቸውን ብቻ ሳይሆን ሆዳቸውንና ብብታቸውን ዳስሱ። ምላሱ የሚተሳሰር፣ የሚደናቀፍ፣ ቀላል ጥያቄ መመለስ የሚያቅተው ወይም ልተኛ የሚል ሰው ደክሞት ነው ተብሎ አይታለፍ። ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ ተሻለው አትበሉ፤ ባሰበት ማለት ነው።

እንዲህ ሲሆን ከነፋስ ከልሉት። ርጥቡን ልብስ አውልቃችሁ በደረቅ ልብስ ጠቅልሉት፣ ራሱንም ሸፍኑ፤ ከመሬት ብርድ የሚለየው ነገር ከሥሩ አንጥፉለት። የሌላ ሰው ገላ ሙቀትም ይረዳል። አእምሮው ንቁ ከሆነና መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ስጡት። አረቄ ግን አይሰጥ። አረቄ የቆዳን ደም ሥሮች ከፍቶ የሞቀ ይመስላል እንጂ የውስጡን ሙቀት አሟጦ ያወጣል። እጅና እግሩን በኃይል አትሹት፣ እሳት ላይም አታስጠጉት። ሰውየው ራሱን እየሳተ ከሄደ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ እንጂ መጠበቅ አያስፈልግም።

ከመነሣታችሁ በፊት በዘይት ጀሪካን ሳይሆን በደረቅ ፌስታል የሚቋጠር ሙሉ ቅያሬ ልብስ ለእያንዳንዱ ሰው አዘጋጁ፤ ካልሲና የራስ መሸፈኛ አይረሳ። ሰፊ ላስቲክ ከዝናብም ከነፋስም ያድናል። የደም ግፊት፣ የስኳርና የአስም መድኃኒት ከመንገዱ ቀን በላይ የሚበቃ ይያዝ፤ ብርድ ደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ በዚያ ቀን ኪኒን መዝለል ክፉ ነው። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም ቴምር በኪስ ይኑር፤ ባዶ ሆድ ሙቀት አያመነጭም።

መብረቅና ጎርፍ

ለብቻው የቆመ ዛፍ ከዝናብ ቢከልልም መብረቅ ይጠራል። ገደል ጫፍ፣ የብረት ምሰሶና ሜዳ ላይ የቆመ ድንኳንም መጠጊያ አይሆኑም። ግድግዳና ጣሪያ ያለው ቤት ወይም መስኮቱ የተዘጋ መኪና ይሻላል። መጠለያ ከሌለ ከጫፉ ወረድ በሉ፤ ተጠጋግታችሁ አትቁሙ፣ ተራራቁ። መብረቅ የመታው ሰው ሰውነቱ ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ መንካት አያስፈራም። ትንፋሹ ከቆመ ደረቱን መሃል ላይ ጠንከርና ፈጠን አድርጎ መጫን በቶሎ ይጀመር፤ በዚህ መንገድ የተረፉ ብዙ ናቸው።

በመልስ ጉዞ ደግሞ ወንዝ አለ። ዝናቡ የጣለው ላይ ተራራው ላይ ሆኖ፣ እናንተ ያላችሁበት ብራ ሊሆን ይችላል። ቁርጭምጭሚት አልፎ 15 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ፈጣን ውኃ አዋቂን ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ሾፌሩ እሻገራለሁ ቢል ተሳፋሪው አንሻገርም የማለት መብት አለው። ደራሽ ውኃ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል።

ቆርቆሮና ደብተር

ጉዞ የሌላችሁም ብትሆኑ ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ይህን ሞክሩ። ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ከጣሪያና ከዛፍ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። በየጠዋቱ 3 ሰዓት ልጁ በማስመሪያ ይለካ፣ ይጻፍ፣ ይድፋው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 40 ካሬ ሜትር በሚሆን የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 400 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ልጁ ሒሳብ ይማራል፤ አያት ደግሞ የድሮውን ክረምት ያወራሉ፤ ቤቱም ሰማይ ማየት ይለምዳል።

ለግሸን መንገደኞች የማጠቃልለው በአጭሩ ነው። ወጀብ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ ዳገቱን በጠዋት ጨርሱት። ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሰው ሥራዬ ብሎ ሰማዩን ይመልከት፤ እሱ ቁሙ ሲል ሁሉም ይቁም። ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆቻችሁ አዝግሙ እንጂ ተቻኮሉ አይባሉ። ሰማዩ ከከፋ ከታች አድሮ በማግሥቱ መውጣት ስለቱን ያጎድለው እንደሆነ የሚጨነቅ ካለ፣ ከመነሣቱ በፊት የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ይህን ጥያቄ ዳገቱ ላይ ሳይሆን ቤት ሆኖ መጨረስ ይሻላል። በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።