ለጓሳ የሚሆነው ስኮፕ የትኛው ነው?

ውጭ አገር ያሉ የመንዝ ልጆች ሰሞኑን ደጋግመው አንድ ነገር ይጠይቁኛል። ገንዘብ አዋጥተው ለሞላሌና ለመሐል ሜዳ ወጣት አስጎብኚዎች የሩቅ መመልከቻ ስኮፕ ሊልኩ ነው፤ የቱን እንግዛ ይላሉ። ሐሳቡ በጣም ደስ ብሎኛል። ዕቃው ውድ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

ባይኖኩላር አብዛኛውን ጊዜ 8 ወይም 10 እጥፍ ያቀርባል፤ ለወፍ ይበቃል። መንዝ ውስጥ ባለው የጓሳ ሜዳ ላይ ግን ዋናው ጉዳይ ቀይ ቀበሮ ነው፤ በዓለም ላይ 500 ገደማ ብቻ የቀሩት። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የጓሳ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሦስት ሙከራ በሁለቱ ያህል ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን ከአራት አንዴ ብቻ። ጭላዳዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አይሸሹትም፣ እሱም ግልገሎቻቸውን እምብዛም አይነካም። ይህን ማየት የሚቻለው ከሩቅ ተቀምጦ ነው። ሰው ከተጠጋ ቀበሮው መንገዱን ይቀይራል፤ የምታዩትም ከእናንተ የሚሸሽ ቀበሮ ይሆናል። 30 እጥፍ የሚያቀርብ ስኮፕ ካላችሁ በ900 ሜትር ያለው ቀበሮ በ30 ሜትር ያለ ያህል ይታያችኋል፤ እሱም ሳይረበሽ ሥራውን ይሠራል።

ገዢን ቶሎ የሚያስተው የማጉያው ቁጥር ነው። «60 እጥፍ» የሚል ርካሽ ስኮፕ ገበያ ላይ ሞልቷል። ወሳኙ ግን የፊት ሌንሱ ስፋትና የመስታወቱ ጥራት ነው። የሌንሱን ስፋት በሚሊ ሜትር ወስዳችሁ ለማጉያው አካፍሉት፤ የምታገኙት ቁጥር ወደ ዐይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። የ60 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ60 እጥፍ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰጣል፤ ምስሉ ይጨልማል። የ95 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ30 እጥፍ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ይሰጣል። ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ብርሃን በሚያንስበት ሰዓት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በዚያ ላይ ማጉያው በጨመረ ቁጥር የሚታየው ሜዳ ይጠባል። ስዋሮቭስኪ ኤቲኤክስ 85 የተባለው ስኮፕ በ25 እጥፍ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 41 ሜትር ስፋት ያሳያል፤ 60 ላይ ሲደርስ 23 ሜትር ብቻ። በዚያ ጠባብ ክብ በጓሳ ሣር ውስጥ የሚሄድ ቀበሮ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

ከከፍተኛዎቹ መካከል ስማቸው የሚነሣው የኦስትሪያው ስዋሮቭስኪ፣ የጃፓኑ ኮዋ፣ የጀርመኖቹ ሳይስና ላይካ ናቸው። የስዋሮቭስኪ ኤቲኤክስ 95 ከ30 እስከ 70 እጥፍ ያቀርባል፤ ዋጋው ግን ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ ክብደቱም ከ2 ኪሎ ያልፋል። የሳይስ ሃርፒያ 95 ከ23 ይጀምራል። የላይካ አፖ-ቴሌቪድ 82 ከ25 እስከ 50 ነው። እኔ ብመርጥ ኮዋ 883ን ነው፦ 88 ሚሊ ሜትር፣ ከ25 እስከ 60 እጥፍ፣ ሌንሱ ውስጥ ከእውነተኛ የፍሎራይት ክሪስታል የተሠራ ክፍል አለበት። ፍሎራይት የቀለም ብትንን ይቀንሳል፤ ርካሽ መስታወት ላይ በጥቁር ነገር ጠርዝ ዙሪያ የሚታየው ሐምራዊ ጥላ እዚህ እምብዛም አይታይም። በየቀኑ ሽቅብ ቁልቁል ተሸክሞት ለሚሄድ ልጅ የ85 ወይም የ88 ሚሊ ሜትሩ ከ95ቱ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የትኛውም መስታወት የማያሸንፈው ግን ሙቀት ነው። ሌሊት ውርጭ የመታው ሜዳ ፀሐይ ሲያገኘው አየሩ ይርገበገባል፤ ረፋዱ ላይ በ60 እጥፍ የምታዩት ቀበሮ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ስኮፑ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ማጉያውን ወደ 25 አውርዱ፣ ወይም ከ3 ሰዓት በፊት እዩ። ጧት ከሞቀ መኪና ሲወጣም ቱቦው እስኪቀዘቅዝ ሃያ ደቂቃ ያህል ታገሡት።

ስኮፑ በሚቆምበት ትራይፖድ ላይ አትቆጥቡ። ገደሉ አፋፍ ላይ ነፋሱ አያርፍም፤ በቀጭን ትራይፖድ ላይ የ4 ሺህ ዶላር ስኮፕም ይንቀጠቀጣል። ወፍራም እግር ያለው፣ ስኮፑን የሚይዘው ጭንቅላቱ በዝግታ የሚዞር ይሁን። ዝቅ አድርጋችሁ ባና ለብሳችሁ ቁጭ በሉ፤ ከመሐሉ ድንጋይ የሞላ ከረጢት ብትሰቅሉበት ይረጋል።

ማያው ወደ ላይ የታጠፈው ዓይነት ስኮፕ ለጋራ ጥቅም ይመቻል፤ ከፍታው ሳይቀየር ልጁም አዛውንቱም በየተራ ያያሉ። ጭላዳዎቹ የሚያድሩበትን ገደል ቁልቁል ለማየት ግን ቀጥ ያለው ይቀላል። የታጠፈውን ከመረጣችሁ አንገቱን ከትራይፖዱ ጋር በሚያገናኘው ቀለበት ወደ ጎን አዙሩት፤ ችግሩ ይቃለላል።

ከመላካችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። ባይኖኩላርና ስኮፕ ጉምሩክ ላይ ፈቃድ ሊጠየቅበት ስለሚችል፣ ጉዳዩን በተቀባዩ ማኅበር ስም ቀድማችሁ አጣሩና ወረቀቱን ጨርሱ። ሁለተኛው የልጆቹ ደኅንነት ነው። ከሩቅ ሲታይ ስኮፕ የመሣሪያ መነጽር ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ አስጎብኚዎቹ ከመትከላቸው በፊት ለቀበሌውና ለአካባቢው ሽማግሌዎች ያሳውቁ፣ ዕቃው የማን እንደሆነ የሚያስረዳ ማኅተም ያለበት ደብዳቤም አብሯቸው ይኑር።