የድመት ሐሞት ምን ይነግረናል? የባክቴሪያ ኢንፌክሽንና የሐሞት ቱቦ ብግነት



ዓይኑ ቢጫ የሆነን ሰው ሕዝባችን «የወፍ በሽታ ይዞታል» ይላል። ስያሜው ምልክቱን እንጂ መንሥኤውን አይገልጽም። እኛም ዓይኗና ድዷ ቢጫ የሆነ፣ መብላት ያቆመችና የምታስመልስ ድመት ስትቀርብልን «የጉበት በሽታ ነው» ብለን ካበቃን፣ ከዚያ ስያሜ ብዙም አልራቅንም።

ከአካል አሠራር እንነሣ። በአብዛኞቹ ድመቶች የሐሞት ቱቦ ከቆሽት ዋና ቱቦ ጋር ተገናኝቶ በአንድ ቀዳዳ ወደ ትንሹ አንጀት ይከፈታል፤ በውሻ ግን ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ይከፈታሉ። ስለዚህ ከድመት አንጀት ሽቅብ የሚወጣ ባክቴሪያ ሁለቱንም ቱቦዎች ሊያጠቃ ይችላል።

ይሁን እንጂ የሐሞት ቱቦ ብግነት ሁሉ አንድ አይደለም። ሁለቱን ዋና ዋና ዓይነቶች ላንሣ። አንደኛው ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች የሚበዙበት ሲሆን ከባክቴሪያ ጋር የተያያዘ ነው፤ በብዛት የሚገኘውም ኢ. ኮላይ ነው። ሁለተኛው ሊምፎሳይቶች የሚበዙበት፣ ቀስ በቀስ የሚጠና፣ ከሰውነት መከላከያ ሥርዓት መዛባት የሚመጣ ነው ተብሎ የሚታሰብ ነው። ለፊተኛው አንቲባዮቲክ፣ ለኋለኛው ይህንኑ ሥርዓት የሚገታ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ይሰጣል። ፕሬድኒሶሎኑን በስሕተት ለፊተኛዋ ታማሚ ብንሰጥ፣ መከላከያዋን አዳክመን ለባክቴሪያው አሳልፈን እንሰጣታለን።

ከዚህ ስሕተት የሚጠብቀን ናሙና ነው። በአልትራሳውንድ እየታገዝን፣ በቀጭን መርፌ ከሐሞት ከረጢት ጥቂት ሐሞት ቀድተን በማይክሮስኮፕ እንመረምራለን፤ በላቦራቶሪም ባክቴሪያውን እናበቅላለን። ከጉበት ቁራጭ ይልቅ ከሐሞት ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል የላቀ ነው። ሐሞት ወደ አንጀት በበቂ ካልደረሰ ቫይታሚን ኬ በሚገባ ስለማይመጠጥ፣ አስቀድመን የደሟን የመርጋት አቅም እንፈትሻለን። የሚቻል ከሆነም ናሙናው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ።

ውጤቱ እስኪደርስ ድመቷ ሳትበላ መቆየት የለባትም። ለጥቂት ቀናት ምግብ ያጣች ድመት በጉበቷ ስብ ይከማችና በበሽታ ላይ በሽታ ይደረብባታል። በአፍንጫ በሚገባ ቱቦም ቢሆን መመገብ ይኖርባታል።

አልትራሳውንድም ሆነ ላቦራቶሪ በሌለበት ስፍራ በግምት ማከም ግድ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን ግምታችንን «የተረጋገጠ ምርመራ» ብለን በመዝገብ አንጻፍ፤ ሕክምናው ሳይሠራ ሲቀር የሚቀጥለው ሐኪም እንደገና እንዲጠይቅ በሩን ክፍት እንተውለት።