የምእመናን መረጃ ከእጅ ሲወጣ

የሰበካ ጉባኤው የአባላት መዝገብ ወይም የተረጂዎች የመታወቂያ ቅጂ ቢሰረቅ፣ አልያም በስሕተት በቴሌግራም ለማይመለከተው ሰው ቢላክ፣ ጉዳቱ በዚያ አያበቃም። የምስጢር ቁጥር ይለወጣል፤ የልደት ዘመንና የአያት ስም ግን አይለወጡም። በሌላ ሰው ስም ከባንክ የተወሰደ ብድር በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ይመዘገባል፤ አበዳሪዎችም ይህንኑ አይተው ይወስናሉ። ሳንቲም ያልተበደረች እናት ባለዕዳ ሆና ትገኛለች።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ፣ ነገሩ ቢያሳፍርም፣ ሸሽጎ ማደር አይገባውም። መረጃን የመጠበቅ ግዴታ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተደንግጓል። ስማቸው ላለበት ሁሉ በዕለቱ ይነገራቸው፤ ለፖሊስም ይመልከት። ባለመረጃዎቹ ባንካቸውን ያስጠንቅቁ፣ የቴሌብር ምስጢር ቁጥራቸውን ይለውጡ፣ በስማቸው ብድር እንዳለ በጽሑፍ ይጠይቁ። እርዳታው ታድሎ ሒሳቡ ከተመረመረ በኋላ የማያስፈልገው ቅጂ በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ ይወገድ።